በጸጥታው ሰዓት የሚጠፋው ስክሪን

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ብርዱ ሲገባ ይጠዘጥዘኝ ጀመር ያልሽው ተሻለሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ግድግዳውን ይዘሽ ነው የምትሄጂው? የዓይንሽ ጠብታስ አለ? “ገና አላለቀም” ስትዪ ማለቁን ነው የማውቀው። አባባ ሳሉ ለቀቀው? አሁንም ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከዜና አንባቢው ጋር ይሟገታል? ያ ሲከፈት መንደሩን የሚቀሰቅሰው የጓዳ በርስ ዘይት ጠብ አለለት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ እያልኩ ነበር ሁልጊዜ የምቀጥለው። ዛሬም ጻፍኩትና መልሼ ሰረዝኩት፤ ስርዙን እዚህ ጎን ታዪዋለሽ።

እህቴ ይህን ስታነብልሽ ገና ከሰላምታው ዓይኗን ወደ መጨረሻው ገጽ እንደምትወረውር አውቃለሁ። ልጅ ሆነን ተረት ሲነገራት እንኳ “መጨረሻ ላይ ይሞታል ወይስ አይሞትም?” ብላ ሳታስምል አታዳምጥም ነበር። ዛሬ ፈቅጄላታለሁ፣ ትመልከት። ግን እዚያም እርግጡን አታገኘውም፤ እኔም አላገኘሁትማ። ብቻ እህቴ፣ እማዬን ደህና ወንበር ላይ አስቀምጫት፣ አንቺም አጠገቧ ሁኚ።

እማዬ፣ ምራትሽ ወልዳለች። ሴት ልጅ ናት። አውቃለሁ፣ ይሄኔ ጣትሽን እያጠፍሽ ቆጥረሽ “ኧረ ገና አልደረሰም!” ብለሻል። አዎ፣ አልደረሰም። የምራትሽ የደም ግፊት ድንገት አሻቀበና ሁለቱንም ለማትረፍ በቀዶ ጥገና አወጧት። እናቲቱ ደህና ናት፤ ትኩሳቱም ለቋታል፤ ስፌቱ እየጠቀጠቃትም ቢሆን እኔን መልከፍ አልተወችም። ልጅቷ ግን ትንሽ ናት። ትንሽ ስልሽ፣ በየቀኑ በብብቴ ይዤው የምዞረው ላፕቶፕ ከእሷ ይከብዳል። ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ናት፤ ባፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገብቷል። ደግሞ አንዳንዴ መተንፈሱን ትረሳዋለች። ያለ ጊዜያቸው የመጡ ልጆች እንዲህ ናቸው አሉኝ፤ ለምደውት የለማ! ያኔ ነርሷ ጀርባቸውን በጣቷ ዳበስ ስታደርጋቸው ያስታውሳሉ። ካስታወሱ ማለቴ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው። ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረችው ትመጣብኛለች። አንቺ ስለ እሷ ትንፍሽ ብለሽ አታውቂም፤ ቀኗ ሳይደርስ መጥታ፣ ስም እንኳ ሳይወጣላት መሄዷን በሹክሹክታ የነገረችኝ አክስቴ ናት። እና በየትኛው አፌ ልንገርሽ? ፈራሁ እማዬ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? ይኸው ፈርቼም ዞሬ ወደ አንቺው መጣሁ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ለጎረቤቱ ሁሉ “ልጄ ሆስፒታል ነው የሚያክመው” ስትዪ “እማዬ፣ እኔ የማክመው ኮምፒውተሮቹን ነው” ብልሽ “ያው ማከም አይደል?” ያልሽው ትዝ ይለኛል። የጥገና ክፍላችን ምድር ቤት ነው፤ ከጎናችን የአንሶላ ማጠቢያ ማሽኖች ስላሉ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። ልጄ የተኛችበት የጨቅላዎች ክፍል ከእኛ በላይ ሁለት ፎቅ ወጣ ብሎ ነው። እዚያ ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ አንድ ኮምፒውተር አለ። ከየሣጥኑ የልጆቹን የልብ ምትና ትንፋሽ ይሰበስብና በሁለት ስክሪን ያሳያል፤ ትንሹ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ትልቁ ግድግዳው ላይ። አንዲት ነርስ ካለችበት ሳትነሣ የሁሉንም እስትንፋስ ታያለች።

ታዲያ ይህ ኮምፒውተር ልጄ ከመወለዷ ትንሽ ቀደም ብሎ ድርግም ማለት አመጣ። ስክሪኖቹ ባንዴ ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ሰው የማያነበው ጽሑፍ ይተፋሉ፣ ከዚያ ራሱን ያጠፋና እንደገና ይነሣል። እስኪነሣ ነርሶቹ ከሣጥን ሣጥን ይራወጣሉ። ያን ጊዜ ለእኔ እንደማንኛውም ብልሽት ነበር፤ እያፏጨሁ ገብቼ እያፏጨሁ እወጣለሁ። ልጄ ሦስተኛው አልጋ ላይ ከተኛች ወዲህ ግን ፉጨቱ ቀርቶ ምራቄም ደርቋል።

ያልሞከርኩት የለም። ኬብሉን ቀየርኩ። አቧራውን አራገፍኩ። ሚሞሪውን አውጥቼ ሌላ ከተትኩበት። ከሰዓት በኋላ እንደሚብስበት ሳይ ሙቀቱ ይሆናል ብዬ ማራገቢያ ጨመርኩለት። ኮምፒውተሩ ራሱ ነገሩ ከግራፊክስ ካርዱ በኩል እንደሆነ፣ ማለትም ምስሉን ለስክሪኑ ከሚሰጠው ዕቃ በኩል እንደሆነ ይጠቁመኛል፤ እኔም ካርዱን ነቅዬ ልክ እንደሱ ያለ ሌላ ተከልኩ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። ጠሩኝ ብዬ ደረጃውን በሩጫ ስደርስ ደግሞ ምን የመሰለ ጨዋ! አንድም ነገር እንዳልነካው ቁጭ ብሎ ይሠራል። አንድ ቀን አልቻልኩም፣ “አንተ ከይሲ፣ እኔን ስታይ ነው የምትመንነው?” ብዬ ጮህኩበት።

“እሽሽ!” አለችኝ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ። ይህችን ሴትዮ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከሐኪሙ እስከ ጽዳት ሠራተኛው “እሽሽ” ነው የሚላት፣ በሌለችበት ማለት ነው። ቀጭን ናት፤ ጫማዋ ድምፅ የለውም፤ ሰው ቢያስነጥሰው እንኳ ትገላምጣለች። ከምሳ በኋላ በክፍሏ የጸጥታ ሰዓት የሚባል ሕግ አላት። መብራት ይቀነሳል፣ ሣጥኖቹ በጨርቅ ይሸፈናሉ፣ ወሬ የለም፣ ስልክ የለም፣ ጥገና የለም። “ሕፃን የሚያድገው ሲተኛ ነው” ትላለች። መፍቻ የያዘ ሰው በዚያ ሰዓት ደጃፏን አይረግጥም። እኔም የምጠራው ሁልጊዜ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነበር። ይህን አንቺ ልብ በይው፤ እኔ ጅሉ ልብ አላልኩትም።

አንድ ነገር ደግሞ ላስረዳሽ፤ አባባም ይስማ። ድራይቨር የሚባል ነገር አለ፤ አባባ ሹፌር እንዳይመስለው። ካርዱ የራሱ ቋንቋ አለው፣ ኮምፒውተሩም የራሱ፤ ድራይቨር መሃላቸው ቆሞ የሚያስተረጉም ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ በየጊዜው ይታደሳል። አስተርጓሚው አብሮ ካልታደሰ አንድ ቀን የማያውቀው ቃል ይመጣበትና ይቀባጥራል፤ ኮምፒውተሩም ደንግጦ ይወድቃል። እኛ ክፍል ደግሞ በቀይ ክር የታሰረ አንድ ፍላሽ አለ። አለቃዬ ከድሮ ጀምሮ ድራይቨር ያጠራቀመበት ነው፤ “መድኃኒቱ” እንለዋለን። የትኛውም ኮምፒውተር ምንም ቢያመው፣ ጠግነን ስንጨርስ ከመድኃኒቱ ሳይጨለጥለት አይወጣም፤ የክፍላችን ደንብ ነው። እኔም ይህን ኮምፒውተር በነካሁ ቁጥር ከመድኃኒቱ አጠጥቼው ነበር የምወጣው። በእጄ!

እንዲህ ስንከራተት ምራትሽ ጠራችኝ። እሷ ገና ከአልጋዋ መውረድ አልተፈቀደላትም። “ስክሪኑን ከምትጠብቅ ልጅህን እቀፋት እንጂ፤ እኔ እስክነሣ የአባት ደረትም ይሞቃል ብላለች ሲስተሯ” አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ? ስክሪኑን ሳይሆን ልጅቷን ማየት እፈራ ነበር። ስክሪኑ ቢበላሽ መፍቻ አለኝ። እሷ ብትደክም ምን አለኝ?

ሄድኩ። የጸጥታው ሰዓት ሊጀምር ሲል እሽሽ ሸሚዜን አስወልቃ ወንበር ላይ አስተኛችኝና ልጅቷን ከነቱቦዋ ደረቴ ላይ አኖረቻት። እማዬ፣ ምንም አትመዝንም፤ ሙቀቷ ብቻ ነው ያለው። ጸጉሯ አገጬን ነካኝ። “መዳፍህን ጀርባዋ ላይ አሳርፈው፣ አትጫናት፣ አታንሳውም” አለችኝና መብራቱን ቀነሰች። የየሣጥኑን ማስጠንቀቂያ ድምፅ ዝቅ አደረገች። ከዚያም ትልቁ ስክሪን ብርሃኑ ልጆቹ ላይ እንዳያርፍ ብላ በቁልፉ አጠፋችው፤ ትንሹ ጠረጴዛው ላይ እየሠራ ቀረ። ይህን ሁልጊዜ እንደምታደርግ አላውቅም ነበር። እሷም ነገሩ ለጥገና ወሬ የሚሆን አልመሰላትም፤ መብራት ማጥፋት ነው ለእሷ።

በሕይወቴ እንዲህ ተረጋግቼ አላውቅም፤ እንቅልፍ እንኳ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ እሽሽ መብራቱን ከፍ አደረገች፣ ወደ ግድግዳው ሄዳ የትልቁን ስክሪን ቁልፍ ተጫነች። ሁለቱም ስክሪኖች ሰማያዊ ሆኑ። ነርሶቹ ወደ ሣጥኖቹ ተበተኑ። እኔ ልነሣ አልችልም፤ ልጅ ደረቴ ላይ አለች። የእሷ የአልጋ ማሳያ ከጀርባዬ ነው፤ አንገቴን ባዞር አይታየኝም። ድምፁም ዝቅ ብሏል። እንግዲህ ያለኝ መዳፌ ብቻ ነው። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ትል ነበር። ከዚያ ቆመች።

ቆመች እማዬ! “ሲስተር!” ያልኩ መሰለኝ፤ ማንም አልሰማኝም። ያኔ ነርሶቹ ሲያደርጉ ያየሁት ትዝ አለኝና በጣቴ ጀርባዋን ወደ ላይ ወደ ታች ዳበስኳት። ምንም። ደግሜ ዳበስኳት፣ ትንሽ ጫን አድርጌ። “ነይ እንጂ፣ ነይ የኔ እናት” እያልኩ ነበር አሉኝ በኋላ፤ እኔ አላስታውስም። ድንገት እንደ ማስነጠስ አለችና ደረቷ ከፍ አለ። እሽሽ ስትደርስ ልጅቷ እየተነፈሰች ነበር፤ እኔ ነኝ ትንፋሼን የረሳሁት። ያቺ ፊቷ የማይፈታ ሴትዮ ግንባሬን በክንዷ ጠረገችልኝና “ደግ አደረግህ” አለችኝ።

ሳለቅስ ቆየሁ። ከዚያ እንባዬ ሳይደርቅ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው ቁልፍ ጋር ተጋጠመ። ካርዱ አልነበረም የታመመው። ስክሪኑ ጠፍቶ ሲነሣ ካርዱ “አንድ ስክሪን ተጨመረልኝ” ብሎ ይናገራል፤ ያ የመድኃኒቱ አሮጌ አስተርጓሚ ደግሞ የታደሰው ኮምፒውተር በሚገባው ቋንቋ ሊያደርስለት አይችልም። እኔ በመጣሁ ቁጥር ስክሪኑ በርቶ ነው የሚጠብቀኝ፤ በየት በኩል ላየው? ይባስ ብዬ ያንኑ ድራይቨር መልሼ አጠጣዋለሁ።

ለአለቃዬ ስነግረው አኮረፈ። “መድኃኒቱን ነው እንዲህ የምትለው? አንተ ሳትቀጠር ስንቱን አድኗል!” አለኝ። አዲስ ኮምፒውተር ስለተጠየቀ እስኪመጣ ቁልፉን ማንም አይንካው ብሎ ወሰነ፤ እኔም ቁልፉ ላይ ወረቀት ለጠፍኩበት። በማግሥቱ ማንም ሳይነካው ወደቀ። የታመመ አስተርጓሚ መቼ በአንድ ቃል ብቻ ይሳሳታል! “እንግዲያው አንተ ሥራው፣ የእኔ ልጅ እዚያ ውስጥ ናት” ብዬ ለመንኩት። “የሕፃናት ኮምፒውተር ነክቼ ባይነሣስ?” አለና ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። አልፈርድበትም፤ እኔም የምፈራው እሱኑ ነው። አሮጌውን ሳወጣ አዲሱ እንቢ ቢል፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብኛል፤ የሚወድቀው ደግሞ የሰው ልጅ ነው፣ ከሰውም የእኔ።

ለእሽሽ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፍርሃቴንም ጭምር። ሰምታኝ ስትጨርስ “ማሽን ሳይመጣም ልጅ እንጠብቅ ነበር” አለች። ጠዋት ሐኪሞቹ ዞረው ሲጨርሱ ከሌሎች ክፍሎች ነርሶች ሰበሰበች። በእያንዳንዱ ሣጥን ፊት አንድ ሰው አቆመች፤ ሁሉም እጃቸውን በሣጥኑ የጎን መስኮት አስገብተው ልጆቹ ላይ አሳረፉ። ሦስተኛው አልጋ ጋ ምራትሽ በተሽከርካሪ ወንበር መጣች። ልጇን ስትነካ የመጀመሪያዋ ነበር። ወደ እኔ ዞራ “አንተ እዚያ ዕቃህን እይ፣ እኔ አለሁ” አለችኝ።

ትክክለኛውን ድራይቨር ካርዱን ከሠራው ድርጅት ገጽ አውርጄ፣ የካርዱን ዓይነት ፊደል በፊደል አመሳክሬ ይዤ ነበር። አሮጌውን አወጣሁት። ስክሪኑ ደብዝዞ ጽሑፉ ሁሉ ጎላ ጎላ አለ፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው። አዲሱን ጫንኩና ሪስታርት አልኩት። ጨለመ። ጨለመና ቆየ እማዬ። አውቆ የተኛን ቢጠሩት አይሰማም፤ ብትሳደቢው አይሰማ፣ ብትለምኚው አይሰማ። እኔ ሁለቱንም በሆዴ አደረግኩ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የልጆቹ ሣጥን እምምም የሚለው ብቻ ነበር። አንድም ነርስ እጇን አላነሣችም። በስተመጨረሻ ብርሃን መጣ፤ የልብ ምቶቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ፣ ሦስተኛዋም አብራ።

ፈተናው ግን ያ ቁልፍ ነው። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። ዞር ብዬ ምራትሽን አየኋት፤ በዓይኗ “በል” አለችኝ። አጠፋሁት። አበራሁት። በራ። እንደገና አጠፋሁ፣ አበራሁ። ደግሜ፣ ደጋግሜ፣ ኬብሉን ሁሉ ነቅዬ መልሼ እየሰካሁ ሞከርኩት። እሽሽ “በቃህ! ልጆቹን ልትቀሰቅስ ነው እንዴ!” ብላ ጮኸች። እሷ ጮኸች! ነርሶቹ በሙሉ ዞረው አዩአት፤ ምራትሽ ስፌቷን ይዛ “ኧረ አታስቁኝ” እያለች ታለቅሳለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ አልወደቀም። አለቃዬም መድኃኒቱን ኪሱ ውስጥ ከቶታል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አሁን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ የምፈራው ግን ያው ነው። ልጅቷ አሁንም አንዳንዴ ትረሳዋለች። ሐኪሟ “ደህና እየሄደች ነው፣ ግን ቃል አልገባም” ትለኛለች። ይህ ደብዳቤ እጅሽ እስኪገባ ምን እንደሚሆን ማንም አይነግረኝም። ለዚህ ነው እህቴ መጨረሻውን ብታይም አታገኘውም ያልኩት።

እማዬ፣ ልጅ ሆኜ ከሰዓት በኋላ ስተኛ መጥተሽ እጅሽን ደረቴ ላይ ታሳርፊ ነበር። እኔ እነቃና “ምን ፈልገሽ ነው?” ብዬ እነጫነጫለሁ። “ምንም፤ ተኛ” ትይኛለሽ፤ እጅሽን ግን አታነሺውም። ትልቅ ልጅ ከሆንኩ በኋላ እንኳ አልተውሽም። ምን ትፈልጊ እንደነበር ትናንት እንደገና ልጄን ታቅፌ ገባኝ። ስንት ዓመት ትንፋሼን ቆጠርሽልኝ እማዬ?

እዚያ ስክሪን ላይ በየአልጋው ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። የእኛ ባዶ ነው፤ “አልጋ ሦስት” ብቻ ይላል። ምራትሽ ስም እናውጣላት ስትለኝ ትንሽ እንቆይ እያልኩ የማዘገየው እኔ ነኝ፤ ምን ፈርቼ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከትናንት ወዲህ ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። የፈራሁት ቢመጣም ባይመጣም ልጄ በስሟ ትጠራ። አንቺ አውጪላት። ለመጀመሪያይቱ አስበሽው የነበረ ስም ካለ ግን እሱን አትስጪኝ፤ እሱ የእሷ ነው፣ አስቀምጪላት። ለዚህችኛዋ አዲስ አምጪላት። በስልክ ንገሪኝ፤ ድምፄ ቢንቀጠቀጥ አትደንግጪ፣ እኔም የአንቺ ቢንቀጠቀጥ አልደነግጥም። እንደነገርሽኝ ደረጃውን ወጥቼ በራሴ እጅ ስክሪኑ ላይ እጽፈዋለሁ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ አያት ሆንክ፣ ከዜና አንባቢው ጋር ተታረቅ በይልኝ። አክስቴን ሳሚያት፤ ለምን ነገርሽው ብለሽ እንዳትቆጫት፣ ደግ አደረገች። ያቺን ጯሂ በርም ተዉአት፣ ዘይት አትቀቡብኝ፤ ልጅቷን ይዤ ስገባ ከደጅ መምጣታችንን ትንገርሽ። አንቺ እህቴ ደግሞ አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና የእማዬን እጅ ያዣት።

ፈሪው ልጅሽ፣
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከሚንቀጠቀጠው ግድግዳ ሥር፣
ሐሙስ ጠዋት፣ ኅዳር 18